የጅማ መንገድና ስሞቹ፤ ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ካራ ቆሬ

የአዲስ አበባ መንገዶች ሁለት ዓይነት ስም አሏቸው። አንደኛው በማዘጋጃ ቤት መዝገብና በካርታ ላይ የሚገኘው ሲሆን፣ ሁለተኛው በሕዝቡ አፍ የሚኖረው ነው። ሁለቱ አልፎ አልፎ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እየተላለፉ ይኖራሉ። ለምሳሌ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ቀድሞው ምድር ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ሰፊ ጎዳና በመዝገብ የቸርችል ጎዳና ይባላል። ነገር ግን በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅ «ጥቁር አንበሳ»፣ «ፖስታ ቤት» ወይም «ለገሃር» ብሎ ይመልሳል እንጂ የጎዳናውን ስም እምብዛም አያነሣም። መንገዱ ለእርሱ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ መሥመር አይደለም፤ እንደ መቁጠሪያ በክር የተሰኩ ቦታዎች ተራ ነው። ክሩ ስም የለውም፤ ስም ያላቸው እንክብሎቹ ናቸው።

ይህ ልማድ ከከተማይቱ አመሠራረት ጋር የተያያዘ መሆኑ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በጎዳና ተተልማ ሳይሆን በሰፈር ተከፋፍላ ነበር። ቃሉ ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና መኳንንቱ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰባቸው ድንኳን የተከሉበትን ስፍራ ያመለክታል። ሰው የሚፈለገው በሰፈሩ አለቃ ስም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በገበያው እንጂ በመንገድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የጎዳና ስም የያዘ ሰሌዳ ተተክሏል፤ በተለይም ብዙ መንገዶች በአፍሪካ አገሮች ስም ተሰይመዋል። የሕዝቡ አጠራር ግን የጥንቱን ሥርዓት አልለቀቀም።

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በልደታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚያመራውና የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማን አቋርጦ ወደ ሰበታ የሚወጣው የጅማ መንገድ ለዚህ ነገር ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው። እንደ ቸርችል ጎዳና በሐውልትና በታላላቅ ሕንፃ አልተሸለመም። ይሁንና በዚህ መንገድና በአካባቢው ያሉት ስሞች ተራ በተራ ቢመረመሩ፣ ከተማይቱ ከመኻሏ እያራቀች ወደ ምዕራብ ዳር ያስቀመጠችውን ነገር የሚዘረዝር መዝገብ ሆነው ይገኛሉ።

መነሻው የሜክሲኮ አደባባይ ነው። ስሙ የተሰጠው ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን አልቀበልም በማለቱ ለውለታው መታሰቢያ ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከበላይ ተሰጥተው በሕዝብ አፍ ከጸኑት ጥቂት ስሞች አንዱ ይህ ነው። ምናልባት የጸናበት ምክንያት የአደባባይ ስም በመሆኑ ይሆናል፤ አደባባይ ነጥብ ነውና ከነባሩ ልማድ ጋር አይጋጭም።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ተግባረ እድ፣ ልደታ፣ ኮካ፣ ጦር ኃይሎች ይከተላሉ። የመጀመሪያው በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ሲሆን የሙያ ትምህርት ቤቱን ያመለክታል፤ ሁለተኛው የእመቤታችን የልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሦስተኛው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ፣ አራተኛው የሠራዊቱ ሆስፒታል ነው። የእጅ ሥራ፣ ጸሎት፣ ንግድና ጦር በአንድ መሥመር ላይ ያለ ምንም የክብር ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መሥመር ሥራ ሲጀምር እነዚሁ ስሞች እንዳሉ የጣቢያ ስም ሆኑ። በዚሁ መሥመር በምሥራቁ በኩል «ባምቢስ» በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር፣ «ሌም ሆቴል» በአንድ ሆቴል ስም ተሰይመዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ለገሃር» የሚለው ጣቢያ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ማለት ስለ ሆነ፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያ «ባቡር ጣቢያ» የሚባል ጣቢያ ሆኖ ቀረ። የባቡሩ ባለሥልጣኖች መንገደኛው የሚያውቀውን ስም መምረጣቸው ትክክል ነበር፤ በዚህም አድራጎት በአፍ ብቻ ይኖር የነበረው የስም ሥርዓት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በመንግሥት ታወቀ።

ከጦር ኃይሎች አልፎ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ሲገባ ስሞቹ በዕድሜ ይደራረባሉ። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ሁለት ሥር ያለው ነው። ኮልፌ የቆየ የአገሩ ስም ነው፤ የአካባቢው ሰዎች በኦሮምኛ ሳቅ ማለት ከሆነው «ኮልፋ» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል። መንገዱ ከከተማው ሊወጣ ሲል የሚገኘው ካራ ቆሬም እንዲሁ በኦሮምኛ የተሰየመ ነው፤ «ካራ» መንገድ፣ «ቆሬ» እሾህ ማለት ነውና የእሾህ መንገድ ብሎ መተርጐም ይቻላል። እነዚህ ስሞች ከተማይቱ ከመምጣቷ በፊት መሬቱን ያርሱና ከብት ያሰማሩ የነበሩት ሰዎች የተዉአቸው ናቸው። እሾሁ ጠፍቶ በምትኩ ባለ ፎቅ ቤት ቢቆምም ስሙ የቀድሞውን የመሬት መልክ ይናገራል።

ቀራንዮ ግን ከመሬቱ ሳይሆን ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ በአረማይክ ጎልጎታ፣ በጽርእ ክራንዮን ሲባል፣ ሁለቱም የራስ ቅል ማለት ናቸው፤ የግእዙ «ቀራንዮ» የጽርኡን ቃል የተከተለ ነው። የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም መጠራቱ፣ ቅዱሳት መካናትን ወደ አገር አምጥቶ የመትከል የቆየ የኢትዮጵያ ልማድ አካል ነው፤ በላሊበላ ዮርዳኖስ የተባለ ወንዝና ጎልጎታ የተባለ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ይታወቃል። የኢየሩሳሌሙ ቀራንዮ ከከተማው ቅጥር ውጭ እንደ ነበር ሐዋርያዊው መልእክት ይመሰክራል። የአዲስ አበባው ቀራንዮም ለብዙ ዘመን ከከተማው ወጥቶ በገጠሩ ዳር የቆየ ስፍራ መሆኑ፣ ስሙን የሰጡት ሰዎች አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ የሚገርም መገጣጠም ነው።

ከእነዚህ ቀጥሎ የመጡት ስሞች ቁጥሮች ናቸው። በጅማ መንገድ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ፣ ወደ ኮልፌ ገበያ በኩል አሥራ ስምንት ማዞሪያ ይገኛሉ፤ በከተማው ምሥራቅም ሃያ ሁለት ማዞሪያ አለ። የውጭ አገር ሰው ቁጥሩ የቤት ወይም የመንገድ ቁጥር ይመስለዋል፤ የአውቶቡስ ቁጥር ነው። «ማዞሪያ» የሚባለውም አውቶቡሱ ሰው አውርዶ ፊቱን ወደ ከተማው የሚመልስበት ቦታ ነው። አውቶቡስ የሚዞረው ተሳፋሪ በሚያልቅበት፣ ማለት ቤት በሚያልቅበት ስፍራ ነውና፣ እነዚህ ስሞች ሳያስቡት የከተማይቱን የቀድሞ ወሰን አጥረው አስቀምጠዋል። ዛሬ ከሦስት ቁጥር ማዞሪያ ወዲያ ከተማው ብዙ ርቆ ሄዷል። ለከተማ ታሪክ ተመራማሪ ግን የማዞሪያዎቹን ስሞች በካርታ ላይ ማያያዝ ያለፈውን ዘመን የከተማ ዳርቻ ለመከታተል የማይናቅ ዘዴ ነው። በሦስት ቁጥር ማዞሪያ ላይ ደግሞ «ቶታል» የሚል የነዳጅ ማደያ ስም ተደርቦ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ፤ ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. ስሙን መለወጡ በታክሲ ረዳቶች ጥሪ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

ከተማው ወደ ምዕራብ ካራቃቸው ነገሮች አንዱ የጦር ሰፈር ነው። በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ዋና ሰፈር ነበረ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የተቀበሉት በዚህ ነው። ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ እንደ ተረኩት፣ ስድስት ወር ሊቆይ ታስቦ የነበረው ሥልጠና ከስምንት ሳምንት በኋላ ከአገራቸው በመጣ ጥሪ ተቋረጠ፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሰውም ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ። ኮልፌ በዓለም የታሪክ መጻሕፍት የምትጠራው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በሰፈሩ የቦታ ስሞች ውስጥ ግን ማንዴላ ያን ያህል ስፍራ አላገኙም። የቦታ ስም ታላቅነትን ሳይሆን ዘወትር መታየትን ይከተላል፤ በምሥጢር የሠለጠነ እንግዳ ደግሞ ለጎረቤት ምልክት ሊሆን አይችልም።

ከዚህ መሥመር ስሞች ሁሉ በረጅሙ ሊመረመር የሚገባው ዘነበ ወርቅ ነው። ልዕልት ዘነበ ወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ነበሩ፤ ከትግሬው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ጋር ተጋብተው ገና በወጣትነታቸው ከኢጣልያ ወረራ በፊት ዐረፉ። በዚያው ዘመን በሐኪም ቶማስ ላምቢ መሪነት የሱዳን የውስጥ አገር ሚስዮን ከከተማው በስተ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ አቋቁሞ ነበር፤ ሆስፒታሉም በልዕልቲቱ ስም ተጠራ። ቦታው የተመረጠው ከሰው መኖሪያ ርቆ ስለሚገኝ ነው። ወርቅ ዘነበ የሚል ትርጉም ያለው የንጉሥ ልጅ ስም፣ ሰው ሁሉ ይሸሸው ከነበረው ሕመም ጋር በአንድ ሰፈር ላይ ዐረፈ።

የሕመሙ ስሞችም ራሳቸውን የቻሉ ታሪክ ናቸው። በመጻሕፍት «ለምጽ» ይባላል፤ የተራው ሰው ቃል «ቁምጥና» ሲሆን፣ ይህ ቃል ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ስድብንም ይዟል። «ሥጋ ደዌ» የሚለው የሕክምና መሥሪያ ቤቶች ያጸኑት ጨዋ ስም ነው። አምጪው ተሐዋሲ በኖርዌጁ ሐኪም በአርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። ተሐዋሲው በሰውነት ውስጥ በጣም በዝግታ ስለሚባዛ፣ ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አባት በልጅነቱ ካገኘው በሽታ ሲሠቃይ ልጁ በጎለመሰ ጊዜ ያው ሕመም ይገለጥበታል፤ የተመለከተው ሰው ሁሉ «በዘር ይወርዳል» ብሎ ደመደመ። እውነቱ አብሮ በመኖር መተላለፉ ነው። ነገር ግን የዘር እምነቱ ጋብቻን ስለሚነካ፣ ሕመሙ ካደረሰው ጉዳት ያላነሰ ጉዳት አድርሷል።

በዚህ እምነት ላይ የቆመ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። በሰሜን ሸዋ፣ በወሎና በጎጃም ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ በዜማ ይለምናሉ፤ የባለቤቱን ስም እያነሡ ያወድሳሉ፣ ሲሰጣቸውም መርቀው ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። የሚለምኑበት ምክንያት ተብሎ የሚነገረው፣ ልመናውን ቢተዉ የሥጋ ደዌ በዘራቸው ላይ ይወርዳል የሚለው ነው። ከዚህ የምንረዳው በአገሩ ባህል ውስጥ ሕመሙ የአካል ነገር ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰብ ላይ የተጣለ ዕጣ ሆኖ ይታይ እንደ ነበረ ነው። ላሊበላው ዕጣውን በዜማ ይሸሻል፤ የታመመው ደግሞ ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ጸበል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመጨረሻም ወደ ዘነበ ወርቅ ይሄዳል።

ወደ ሆስፒታሉ የመጡት ሕሙማን ከታከሙ በኋላ ለምን ወደ አገራቸው አልተመለሱም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከሕመሙ ጠባይ የሚመጣ ነው። ተሐዋሲው ነርቭን ስለሚያበላሽ እግርና እጅ ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ እግር እሾህና እሳት ስለማይሰማው ይቆስላል፣ ቁስሉም ደጋግሞ መታጠብና መታሰር፣ እግሩም ልዩ ጫማ ያስፈልገዋል። በሽታው የዳነለት ሰው እንኳ ከሆስፒታሉ መራቅ አይችልም። ሁለተኛው ክፍል የመንደሩ ነው። መሬቱን ዘመድ ይዞታል፤ ትዳሩ ፈርሷል፤ ቢመለስም ከማድ አይቀርብም። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ከራሱ ዓይነት ሰው ጋር ተጋባ፣ ልጅ ወለደ። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ፣ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም የተለያየ ሰዎች በአንድ ሕመም ምክንያት ጎረቤት ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ በትውልድ አገር ወይም በሙያ የተሰባሰቡ ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ በሕመም የተሰባሰበ ግን ሌላ እንዲህ ያለ አይገኝም።

ሰፈሩ የራሱን ጠባቂ ቅዱስም መርጧል። በዘነበ ወርቅ የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በገድሉ እንደሚነበበው ገብረ ክርስቶስ የቍስጥንጥንያ ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጣ፤ ደዌ በሥጋው ላይ ወረደ፤ ተመልሶም በአባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው ከለማኞች ጋር ኖረ። ይህ ታሪክ በምዕራቡና በምሥራቁ ክርስቲያን ዘንድ በሌላ ስም ይታወቃል፤ ቅዱሱን የሥጋ ደዌ ሕሙም ማድረግ ግን የኢትዮጵያው ገድል መለያ ነው። የንጉሥ ልጅ በደዌ ተሰውሮ በአባቱ ደጅ መተኛቱ ለዘነበ ወርቅ ነዋሪ ተራ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም። ሰፈሩን በስሟ የጠራችው የንጉሥ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በስሙ ያስጠራው የንጉሥ ልጅ፤ ከቤተ መንግሥት ርቆ የተቀመጠው ሕዝብ ሁለት የቤተ መንግሥት ልጆች አሉት።

በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ድርጅት ተመሠረተ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ፊደላት ምሕጻረ ቃል «አለርት» ተባለ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአርማወር ሐንሰን ስም የምርምር ተቋም ተጨመረበት። ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ የሚሰጠው ሕክምና በ1982 እ.ኤ.አ. በዓለም የጤና ድርጅት ከጸደቀ ወዲህ ሕመሙ የሚድን ሆኗል፤ ሆስፒታሉም የቆዳና ሌሎች ሕክምናዎችን ለሁሉ የሚሰጥ ሆኗል። እንግዲህ ለአንድ ቦታ ሁለት ስም አለ። ለሐኪም የሚሄደው የሩቅ ሰው «አለርት» ይላል፤ የሰፈሩ ሰው «ዘነበ ወርቅ» ይላል። ልዩነቱ የአጠራር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ስም የሥራ ቦታን፣ ሁለተኛው የመኖሪያን ትዝታ ይዟል። የሰፈሩ ተወላጆች ሥራና ትዳር ሲፈልጉ የሰፈራቸው ስም ከሕመሙ ጋር ተጣብቆ ዕንቅፋት ሲሆንባቸው ኖሯል። የዳነው ሕመም በአካል ላይ ሳይሆን በአድራሻ ላይ ቀርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነዋሪዎቹ ግን ስሙን አልጣሉትም። ሕሙማኑ ራሳቸው በማኅበር ተደራጅተው መብታቸውን ይጠይቃሉ፤ ሴቶቻቸው የሚፈትሉትና የሚጠልፉት ጨርቅ በከተማው ታውቋል።

ከዘነበ ወርቅ ብዙ ሳይርቅ በረጲ ቆሼ አለ። ስሙ ቆሻሻ ከሚለው ቃል ያጠረ ነው። ከተማይቱ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጥራጊዋን በዚህ አፍስሳለች። ሕሙማንን ለማራቅ የተመረጠው አቅጣጫ ለቆሻሻም መመረጡ ድንገተኛ አይመስልም፤ ቀድሞውኑ ያልተከበረ ስፍራ ለሌላው ያልተከበረ ነገር ቅርብ ነው። ድኾች በዙሪያው ጎጆ ሠሩ፤ ብረት፣ ፕላስቲክና ጨርቅ እየለቀሙም ኖሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ በአጠገቡ ተመረቀ። ፋብሪካው «ረጲ» በሚለው የአገሩ ስም ተጠርቷል፤ በሕዝቡ አፍ ግን ሌሊቱም ሟቾቹም «የቆሼ» ናቸው።

ቀጥሎ ዓየር ጤና ይመጣል። ስለዚህ ስም የሚባለው ጥቂት ነው፤ ቃሉ ራሱን ይገልጣል። ከጢስና ከጥራጊ ስሞች በኋላ ጤናማ ዓየርን የሚያነሣ ስም መስማት ለመንገደኛው ደስ የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ ባለው ሰፈር «ዓለም ባንክ» የሚለው ስም ከቤት ሥራ ገንዘብ የመጣ ሲሆን፣ ካራ ቆሬ ላይ ደግሞ እንደ ገና ወደ ኦሮምኛው እሾህ ይደረሳል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በጅማ መንገድም ቢሆን ምልክቱ ሲፈርስ ስሙ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለወደ ፊት ጥናት የተተወ ነው። እስካሁን የታየው ስሙ ከምልክቱ የበለጠ ዕድሜ እንዳለው ነው። የባቡሩ መሥመር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ተሳፋሪው ከጣቢያው ወርዶ መንገዱን ሲሻገር የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ይቀበለዋል፤ በሰሌዳ ያልተጻፉትን ቀሪ ስሞች ከዚያ ወዲያ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው፤ «ሦስት ቁጥር፣ ዘነበ ወርቅ፣ ዓየር ጤና፣ ካራ»።